የመስኮት ብረት ጊዜ ይገዛል፤ በጊዜው የሚደርስ ሰው ግን ከገበያ አይገዛም

መካነ ብርሃን፣ ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ገንዘብ ሲያጥረው ብዙ ነገር ለነገ ያሳድራል። ወለሉ አፈር ሆኖ ይቆያል። ግድግዳው ሳይለሰን ይገባበታል። ኮርኒሱ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። የመስኮቱን ብረት ለነገ የሚያሳድር ግን ጥቂት ነው። በያጁ ተጠርቶ፣ ልኩ ተወስዶ፣ ፌሮው ተቆርጦ፣ ተበይዶና ተገጥሞ ካልታየ የቤቱ እመቤት እንቅልፍ አይወስዳትም።

ፍርሃቱ ምክንያት አለው። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይንና ዛሪማን አልፎ እስከ ደባርቅና ዳባት ዙሪያ ደርሶ ነበር፤ ጭና ያን ጊዜ ያጣቻቸው ሰላማዊ ሰዎች ሐዘን ገና አልበረደም። ያ ሳይሽር በ2015 ዓ.ም ማብቂያ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። በዚያው ሰሞን ጃናሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን ድርቅ ክፉኛ መታቸው። ረሃብ፣ ጦርነትና የሕግ መላላት በተደራረቡበት አገር ሰው መስኮቱን በብረት ቢያጥር ማንም ሊፈርድበት አይችልም።

ጥያቄው ሌላ ነው። ያ ብረት በትክክል ምን ይሠራል?

ሌባን ያስቀራል የሚል ሰው ብረቱ የማይሠራውን ሥራ እየሰጠው ነው። መጋዝ ያለው፣ ጊዜ ያለውና የሚያየው ሰው የሌለ ሌባ የማይቆርጠው የመስኮት ብረት የለም። ብረት ሌባን ያዘገያል። ያለ ብረት በአንድ ደቂቃ የሚገባበትን ቤት ሩብ ሰዓት እንዲታገልበት ያደርገዋል፤ ሳያሰማ ሊያደርገው የፈለገውንም እያሰማ እንዲያደርገው ያስገድደዋል። ስለዚህ የቤቱ ባለቤት ከበያጁ የገዛው ጥቂት ደቂቃና ጥቂት ድምፅ ነው። ዋጋው የሚለካውም በዚያች ደቂቃ ውስጥ በሚሆነው ነገር ነው። ማን ይነቃል? ማን ይጮኻል? ጩኸቱን ሰምቶስ ማን ይደርሳል?

የስሜን ደጋ የድሮ ቤት የመስኮት ጣጣ አልነበረበትም፤ መስኮት የለውማ። ብርዱ ስለማይፈቅድ ቤቱ አንድ በር ብቻ ነበረው፤ ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ያድሩ ነበር። ሊሰርቅ የመጣ ሰው ያለው አማራጭ ግድግዳውን መብሳት ነው። አማርኛውም ይህን ያስታውሳል፤ ቤት ሰብሮ ለሚገባ ሌባ ያወጣለት ስም «ሰርሳሪ» ነው። ቃሉ ግድግዳን እንጂ መስኮትን አያውቅም።

መስኮት ከቆርቆሮ ቤት ጋር መጣ። መጀመሪያ ከውስጥ በመቀርቀሪያ የሚዘጋ ሳንቃ ነበር፤ ቀጥሎ ላሜራ ሆነ፤ አቅም ያለው መስታወት አስገባ። በዚያው ልክ የቤቱ ሀብትም ተለወጠ። የድሮ ሀብት ከብትና እህል ነው፤ በሬ በመስኮት አይወጣም፤ የጎተራ ገብስም በኪስ አይገባም። የዛሬ ሀብት ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ የሶላር ባትሪና ጥሬ ገንዘብ ነው፤ በሁለት ብረት መካከል ሾልኮ የሚወጣ ሀብት። ሀብቱ ሲቀል የሌባውም ሥራ ቀለለ።

ለመሆኑ ሌባው መስኮት ላይ ምን ያደርጋል? ይህን ማወቅ ገንዘብን ከብክነት ያድናል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ሌባው በማይነካው ቦታ ላይ ነውና።

አንደኛ፣ ሌባ የብረቱን ውፍረት ከማየቱ በፊት ብረቱ የተያያዘበትን ያያል። በጭቃ ቤት የመስኮቱ ፍሬም ከባሕር ዛፍ ቋሚው ጋር የተያያዘው ብዙ ጊዜ በሚስማር ብቻ ነው። ክረምት ምርጊቱን አርሶ ካላላው በኋላ በድጅኖ አንድ ሁለቴ ቢፈነቀል ፍሬሙም ብረቱም አንድ ላይ ይወጣሉ። እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ ከ10 ሚሊ ወደ 12 ሚሊ ፌሮ መሸጋገር ትርፉ ትንሽ ነው። ቋሚውን አልፎ ዳዶው በቤቱ ውስጥ በኩል የሚጠብቅ ቡሎን ግን ነገሩን ይለውጠዋል። በብሎኬት ቤት ደግሞ የብረቱ እግር በግድግዳው ውስጥ ገባ ብሎ በሲሚንቶ መታሰር አለበት፤ ከላይ በልስን ብቻ የተሸፈነ እግር የታሰረ ይመስላል እንጂ አልታሰረም።

ሁለተኛ፣ ክፍተት። ቁመት ለቁመት ብቻ የተደረደረ ብረት በመኪና ክሪክ ይፈለቀቃል። አግድም የተበየደ ብረት ሲጨመርበት ክሪኩ አቅም ያጣል። ክፍተቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ባይሰፋ ይመረጣል፤ የልጅ ራስ ባለፈበት ገላው ያልፋልና። ልጅ አስገብቶ በር የሚያስከፍት ሌባ አዲስ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ዘንግ። ጫፉ ላይ ቆልማማ ሽቦ የታሰረበት ረጅም እንጨት ይዞ የሚመጣ ሌባ መግባት አያስፈልገውም። ነፋስ ይግባ ተብሎ በተከፈተ መስኮት በኩል ወንበር ላይ የተሰቀለውን ኮት፣ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ስልክ፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለውን የበር ቁልፍ ስቦ ይሄዳል። ይህን የሚከለክለው የዶሮ ሽቦ ነው፤ ወይም ከዚያም የሚረክሰው፣ ዕቃን ከመስኮት ማራቅ።

አራተኛ፣ መስታወቱ። መስታወቱ የተያዘበት ስቱኮ በውጭ በኩል ከሆነ በቢላዋ ተፍቆ መስታወቱ ሳይሰበር፣ ድምፅም ሳያሰማ ይወጣል። ማጠፊያውና ብሎኑ በውጭ በኩል ከታየም እንዲሁ ነው፤ ሌባው ፈታ ፈታ አድርጎት ይገባል።

አምስተኛ፣ ባለቤቱ ራሱ ያቆመው መሰላል። መስኮት ሥር የተከመረ ማገዶ፣ የተደፋ በርሜል፣ ግድግዳ የተደገፈ አጣና። ብረት ሳይገዛ በፊት ይህን ማንሳት ይቀድማል።

ከዚህ ሁሉ አልፈው መስኮት ወይም አጥር ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚዘረጉ አሉ። ይህ መከላከል አይደለም። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 78 ራስን ለመከላከል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን መከላከሉ ከጥቃቱ ጋር መመጣጠን አለበት፤ ከመጠን ያለፈው ደግሞ በአንቀጽ 79 ያስጠይቃል። ሽቦው ሌባን ከጎረቤት ልጅ አይለይም፤ ኳሱን ፍለጋ አጥር የተንጠላጠለውን ሕፃንም ይገድላል።

እንግዲህ ብረቱ በደንብ ታሰረ፤ ክፍተቱ ጠበበ፤ ሩብ ሰዓት ተገዛ እንበል። ያ ሩብ ሰዓት ለማን ነው?

ቀድሞ የአንድ ቤት መሰረቅ የአንድ ቤት ጉዳይ አልነበረም። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይጠራል፤ የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ካልወጣም ካሣው በአገሬው ላይ ይወድቃል። ሥርዓቱ ግፍ ነበረበት። ንጹሕ ሰው ከእርሻው ተነጥሎ ቀናት ይቀመጥበታል፤ ቂመኛም ጠላቱን ይጠቁምበታል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ለሁሉም ግልጽ አድርጎ ነበር፤ የጎረቤቱ ቤት ሲሰረሰር ሰምቶ የተኛ ሰው ኪሳራው በማግስቱ እሱም ደጅ ይደርሳል።

በ1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከወጣ በኋላ ቀበሌ ተቋቋመ፤ ነዋሪው በተራ ሮንድ መውጣት ጀመረ። ሮንዱ ሌባን ቢያስፈራም ብዙም ሳይቆይ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚሰልልበት መሣሪያ ሆነ። ያ ዘመን ሲያልፍ ሰዉ ከሮንዱ በመገላገሉ ደስ አለው፤ በምትኩ ግን ምንም አላስቀመጠም። ሁሉም እንደየአቅሙ ወደ በያጅ ቤት ሄደ። ባለ ሀብቱ የብረት በር፣ የጠርሙስ ስባሪ የተተከለበት አጥርና ዘበኛ አቆመ፤ ደሃው ሁለት ፌሮ አስበየደ፤ ተከራዩ ደግሞ የሰው ቤት ነውና ጓጉንቸር ብቻ ገዛ። ሌባ ቀላሉን ይመርጣል። የባለ ሀብቱ ብረት ሌባውን ከከተማው አላስወጣውም፤ ወደ ተከራዩ መስኮት ነው የመራው።

የዛሬው ችግር ከዚህም ይከፋል። በገጠሩም በትንሹ ከተማም የጭንቅ ጥሪ ኡኡታ ነበር፤ ኡኡታ ካልተሰማ ጥይት ወደ ሰማይ ይተኮሳል። የተኩስ ድምፅ «ኑ፣ ድረሱ» ማለት ነበር። ካለፉት ዓመታት ወዲህ ትርጉሙ ተገልብጧል፤ ተኩስ የሰማ ሰው መብራቱን አጥፍቶ ልጆቹን መሬት ላይ ያስተኛል። በሰዓት እላፊ የወጣ ሰው ከሌባው ይልቅ የታጠቀ ሰው ያገኘው ይሆናል፤ ማን መሆኑን ሳይጠየቅም ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ጎረቤቱ ጩኸቱን ይሰማል፤ አንጀቱ ይላወሳል፤ አይወጣም። ጠዋት ይመጣና «እግዜር ያጽናችሁ፣ ከሰውነታችሁ ይሻላል» ይላል። ፖሊስ የሚደርስበት ቦታ ላይም አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

በመካነ ብርሃንና በደባርቅ መስኮቶች ላይ የተሰቀለው ብረት የሚገዛው ሩብ ሰዓት ባዶ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ብረቱ አልደከመም። ብረቱ የሚጠብቀው ሰው ነው የቀረው።

የሚደርስ ሰው ሲጠፋ ደግሞ ብረቱ ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞራል።

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሌሊቱ ይቆረጥማል። ሌባ የፈራ ሰው መስኮቱን ጥርቅም ያደርጋል፤ ቀዳዳውን በጨርቅ ይወትፋል፤ ብርድ የፈራው ያው ሰው የከሰል ምድጃውን ወደ ውስጥ ያስገባል። ከሰል የሚተፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። እንቅልፍ የመጣ ያስመስላል፤ ከዚያ አያስነሣም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሻማ ይበራል፤ ሻማ ፍራሽ ይነካል። በሩ ላይ እሳት ከተነሣ የቀረው መውጫ መስኮት ነው፤ መስኮቱ ደግሞ የማይከፈት ብረት ነው።

ይህ የሩቅ ፍርሃት አይደለም። በቬትናም ዋና ከተማ በሃኖይ የአፓርታማ ነዋሪዎች ሌባ ፈርተው በረንዳቸውን በብረት ማጠር የተለመደ ነው፤ እንዲያውም «የነብር ጎጆ» ይሉታል። የእኛ የ2016 ዓ.ም እንቁጣጣሽ በዋለበት ዕለት ሌሊት አንድ አነስተኛ አፓርታማ ተቃጥሎ 56 ሰው ሞተ፤ ብረቱ መውጫና ማዳኛ ከዘጋባቸው ነገሮች አንዱ ነበር። ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ያው እንቁጣጣሽ ቀን፣ በፓኪስታን ካራቺ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሲቃጠል ከ250 በላይ ሠራተኞች አለቁ፤ መስኮቶቹ በብረት ታጥረው፣ በሮቹ ተቆልፈው ነበር። ሁለቱም ቦታ ብረቱ የተሠራው ዕቃ እንዳይሰረቅ ነው። ሥራውንም ሠርቷል። ዕቃው አልተሰረቀም።

የስሜን ሰው ይህን ከሃኖይ መማር አያስፈልገውም፤ ከአምባው ያውቀዋል። አምባ መግቢያው ጠባብ ስለሆነ ጠላት አይገባበትም፤ በዚያው ጠባብ መግቢያ ግን ከውስጥ ያለውም አይወጣም። በየካቲት 1847 ዓ.ም ከመካነ ብርሃን ብዙ በማትርቀው ደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም መቅደላ አምባ ላይ ሲከበቡ አጠገባቸው የቀረው ሰው ጥቂት ነበር። አምባው ያው አምባ ነው፤ የጎደለው የሚደርስ ሰው ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከማንም በላይ የሚያሰጉት ተማሪዎች ናቸው። ከገጠር ቀበሌ ወደ መካነ ብርሃን፣ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ለትምህርት የሚመጡ ልጆች ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ስንቃቸው ከቤት ይመጣላቸዋል። በዚያችው ክፍል ያበስላሉ፣ ያጠናሉ፣ ይተኛሉ። አከራዩ ለደኅንነታቸው ብሎ አንዷን መስኮት በብረት አጥሮላቸዋል፤ እነሱም ሌሊት በሩን ከውስጥ ይቆልፋሉ፤ ቁልፉ አንዱ ልጅ ሱሪ ኪስ ውስጥ ነው። ወላጅ «ልጄ ደኅና ቤት ነው ያለችው፣ መስኮቱ ብረት ነው» ብሎ ይተኛል። ወላጁ ሊጠይቅ የሚገባው ግን ይህን ነው፤ ሌሊት እሳት ቢነሣ ልጅቱ በየት ትወጣለች?

መፍትሔው ብረቱን መንቀል አይደለም። መንቀል የሚመክር ሰው ሌባ የገባበት ቤት አላደረም። ነገር ግን ሦስት ነገር ማድረግ ይቻላል፤ አንዳቸውም የመንግሥት በጀት አይጠብቁም።

የመጀመሪያው ከበያጁ ጋር የሚያልቅ ነው። በያንዳንዱ መኝታ ክፍል ቢያንስ አንዱ የመስኮት ብረት በማጠፊያ የሚከፈት ይሁን፤ የሚቆለፈውም ከውስጥ ይሁን። ቁልፉ በዘንግ ከማይደረስበት፣ ልጅ ግን ከሚደርስበት ቦታ ይንጠልጠል፤ ቤተሰቡም በጨለማ አንድ ሁለት ጊዜ ይሞክረው። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የመኝታ ክፍል መስኮት ብረት ያለ ቁልፍና ያለ መሣሪያ ከውስጥ እንዲከፈት የሕንፃ ሕግ ያስገድዳል። ለደባርቅ በያጅ ሁለት ማጠፊያና አንድ መቀርቀሪያ መጨመር የግማሽ ቀን ሥራ አይሆንም። ምሽት ከሰል ወደ ቤት የሚገባ ከሆነም ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ሌሊቱን ክፍት ይደር፤ በዶሮ ሽቦ የተሸፈነ ቀዳዳ ሌባ አያስገባም።

ሁለተኛው ከጎረቤት ጋር የሚያልቅ ነው። ሰው በሌሊት መውጣት ካልቻለ ሳይወጣ የሚደርስበት መንገድ አለ። ሌባ ከዱላ ይልቅ መታየትን ይፈራል። አምስት ቤት ተስማምቶ፣ ከአንዱ ቤት ፊሽካ ወይም ኡኡታ ሲሰማ ሁሉም ባለበት ሆኖ መብራት ወይም ባትሪ ቢያበራ፣ ቆርቆሮ ቢደበድብ፣ የጎረቤቱን ስም ጠርቶ «ሰምተናል!» ቢል፣ ማንም ደጁን ሳይረግጥ ሌባው ያ ሩብ ሰዓት እንደሌለው ያውቃል። ይህ ከሮንድ ይለያል፤ መሣሪያ የለውም፣ ማንም ማንንም አይሰልልበትም፣ አለቃም አያስፈልገውም። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ሰው ሳይሞት በወር አንድ ቀን ስለዚህ ቢነጋገር ከሥራው አልወጣም።

«ጎረቤቴ ራሱ ሌባ ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ይሆናል፤ ብዙ ሌባ የቤቱን መግቢያና መውጫ የሚያውቅ ነው። ይሁንና አምስት ቤት ሲስማማ አንዱን የሚያዩት አራት ዓይኖች አሉ፤ ብቻውን የተቀመጠን ሰው ግን ያ ክፉ ጎረቤት ብቻውን ነው የሚያየው።

ሦስተኛው የአከራይና የከተማ አስተዳደር ነው። ለተማሪ ክፍል የሚያከራይ ሰው ከኪራዩ ጋር የሚከፈት መስኮትም ማከራየት አለበት። ትምህርት ቤቶች በመስከረም ምዝገባ ሲያካሂዱ ተማሪው የት እንደሚያድር ይጠይቃሉ፤ በዚያው ስለ መስኮቱ ቢጠይቁ አንድ ጥያቄ ነው የጨመሩት። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍልም ፕላን ሲያይ የመስኮቱን ስፋት ብቻ ሳይሆን መከፈቱን ይይ።

ስለ አንድ ነገር መሸንገል አያስፈልግም። መሣሪያ ታጥቆ፣ በቡድን ሆኖ፣ በሩን «ክፈት» ብሎ ለሚመጣ ዘራፊ የመስኮት ብረትም፣ ፊሽካም፣ አምስት ጎረቤትም በቂ አይደለም። ያን የሚከለክል ሰላምና ሕግ ነው፤ ሰላምና ሕግ ማምጣት ደግሞ መሣሪያና ሥልጣን የያዙት ሰዎች ዕዳ ነው። የጃናሞራ እናት ሁለት ፌሮ አስበይዳ ልትከፍለው አትችልም፤ ክፈይም ሊሏት አይገባም።

እስከዚያው ግን ረሃብ ያወጣው፣ አመል ያወጣው ወይም ጨለማን ተገን ያደረገ ተራ ሌባ አለ፤ የአብዛኛው ሰው መስኮት የሚደርስበትም እሱ ነው። ለእሱ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ያለው የጥንቱ ሰው መልሱን አስቀምጦታል። ዛሬ ማታ ብረቱን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ይህ ብረት ከውስጥ ይከፈታል? ብጮህስ «ሰምተናል» የሚለኝ ማን ነው? ለሁለቱም መልስ ያጣ ሰው ነገ ጠዋት በያጁ ጋ ከመሄዱ በፊት የጎረቤቱን በር ያንኳኳ።